ቁልፍ

ቁልፍ ይላቸዋል አማርኛ፣ የበሩንም የሸሚዙንም፤
ሰው ይምታታበታል። እኔ አልተምታታብኝም።
ሁለቱንም የለየሁት በአንድ ሌሊት፣
ሰራተኛ ሰፈር፣ አንድ ክፍልና ጓዳ በሆነው ቤት።

አባቴ አምሽቶ ሲመጣ፣ እኛ ጨለማውን እናዳምጣለን፤
ቁልፉ ቀዳዳውን ባንዴ ካገኘው ሰላም ነው፣ እንተኛለን።
ሁለቴ ከጫረ፣ ትንፋሽ እንውጣለን።
ሦስቴ ከጫረ፣
እናቴ እታፈራሁ ኩራዙን እፍ ትላለች፣
ታናሼን ከአልጋ ሥር፣ እኔን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ትሸጉጣለች፤
እሷን የሚሸጉጥ ግን ማንም አልነበረ።

ጠዋት በጉልበቴ እየዳህኩ ወለሉን ስዳስስ፣
ከቀሚሷ የረገፉትን ቁልፎች ስለቅም፣ ስመልስ፤
ነጫጭ ናቸው፣ ባለ አራት ቀዳዳ፣
አንዱ ከበራፉ፣ አንዱ ከጓዳ፣
አንዱ ደግሞ የተቦጨቀ ጨርቅ እንደያዘ።
በኒዶ ጣሳ አጠራቅማቸዋለሁ። ሰባት ዓመቴ ነው።
«ነይ መርፌውን አሳልፊልኝ» ትለኛለች፣
«ያንቺ ዓይን ደህና ነው።»

ሙያ የያዝኩት እንዲህ ነው። «ከማን ተማርሽ?» ሲሉኝ
«ከእናቴ» እላለሁ። ውሸት አይደለም።

ዛሬ አርባ ሁለት ሞላኝ። ፒያሳ፣ ከሰባ ደረጃ አናት
አንድ የስፌት መኪና አለኝ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ጠባብ መስኮት።
የድሮው ግቢያችን ፈርሷል፤ ቤታችን የቆመበት
የእግረኛ መንገድ ሆኗል፣ አበባ ተተክሎበት፣
ማታ ማታ ልጆች ብስክሌት ይነዱበታል።
ሄጄ አይቼዋለሁ። ቤቱ ፈርሷል።
ማዳመጡ ግን አልፈረሰም።

ባሌ ዘሪሁን ደግ ሰው ነው፣ መጠጥ አይቀምስም፤
አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በሩ ባንዴ ይከፈትለታል፣
እኔ ግን ማማሰያ ይዤ እቆጥራለሁ።
አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ በጨለማ ሁለቴ ጫረ፤
እኔ ሳላውቀው ልጄን ከአልጋ ሥር ከትቻት ነበረ።
«እማዬ፣ ማነው የመጣው?» አለች ሶልያና።
አባትሽ ነው፣ አልኳት፤ ነይ ውጪና
ሳሚው።
ቃሉ ግን አፌ ውስጥ ሁለት ሰው ሆነ።

ባለፈው ሐሙስ በካፊያ፣ የደረጃውን ብረት ተደግፎ
አንድ ሽማግሌ ወጣ፣ ኮቱ ከትከሻው ተርፎ።
«ቁልፍ ወለቀብኝ» አለ። መዳፉን ዘረጋ።
ይንቀጠቀጣል። ያ እጅ ነው።
አላወቀኝም? ወይስ አውቆ ዝም አለ? አልጠየቅኩትም፤
እናቴን ስንቀብር እንኳ አልመጣም።

ክሩን መረጥኩ። መርፌውን ባንዴ አሳለፍኩ፤
የኔ ዓይን ደህና ነው።
በአንዱ ቀዳዳ ወጥቼ በአንዱ ተመለስኩ፣
የምለውን ሁሉ ከክሩ ጋር በጥርሴ በጠስኩ።

«ስንት ነው ልጄ?» አለኝ።
«ግድ የለም አባባ» ምላሴ ላይ ደረሰ፣
ለሽማግሌ ሁሉ የምለው ነው፤ ዋጥኩት።
«ሃምሳ ብር» አልኩት።
የረጠቡ አስር አስር ብሮች፣ ቀስ ብሎ፣ አምስት ቆጠረ።
ከፈለ።

ከዚያ ኮቱን ሊቆልፍ ሞከረ፤ ቁልፉ ቀዳዳውን ስቶ
አንዴ ጫረ።
ሁለቴ።
ሦስቴ።
ከጀርባዬ ቁም ሳጥን አልነበረም፤ መስኮት ነበር፣
ከታች ረዳቶች «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» ይላሉ።
ተነስቼ ቆለፍኩለት፣
ለማንም ደንበኛ እንደማደርገው።
ይቅር ብዬው ይሆን? እኔንጃ።
ቁልፉ ግን አይወልቅም፤ አጥብቄ ነው የሰፋሁት።

ማታ ድንች ስልጥ፣ ሶልያና የቤት ሥራዋን ስታነብልኝ፣
«እንደምን አመሻችሁ» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣብኝ።
ዘሪሁን ነው፤ ጃኬቱን አውልቆ፣ ጫማውን ፈቶ ጨርሷል።
በሩን ሲከፍት
አልሰማሁትም።